ያልለካኋቸው አንገቶች

ባለቤቴ ግርማ ጠመንጃ ገዛ ብዬ ብጀምር፣ ግማሾቻችሁ ስለ ትዳራችን ክፉ ክፉውን ታስባላችሁ። ተረጋጉ። የግርማ ጠላት ወረቀት ነው። በየቅዳሜው ከምንኖርባት የካናዳ ከተማ ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ወደ ምዕራብ ይነዳል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ መቶ ሜትር ርቆ የተለጠፈ ወረቀት ላይ አምስት ጥይት ይተኩሳል። ዓላማው አምስቱም በአንድ ቀዳዳ እንዲያልፉ ነው። ካለፉለት ወረቀቱን ይዞ ይመጣና ፍሪጅ ላይ በማግኔት ይለጥፈዋል። የሰው ፍሪጅ ላይ የልጆች ሥዕል አለ፤ የእኛ ፍሪጅ ላይ ቀዳዳ አለ።

«ወረቀት በእርሳስ መብሳት ከሆነ የፈለግከው፣ ኪችን ቁጭ ብለህም ትችላለህ» እለው ነበር። አይስቅም።

እኔ ሰብለ እባላለሁ። ያን ጊዜ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ፣ ለነዳጅ ቧንቧ መጋጠሚያ የሚሠራ ድርጅት ኢንስፔክተር ነበርኩ። ሥራዬ ከማሽን የወጣውን ብረት በማይክሮሜትር ለክቼ፣ ቁጥሩን ቅጽ ላይ ሞልቼ፣ ከታች መፈረም ነው። ማይክሮሜትር ማለት ከጸጉር የቀጠነ ልዩነት የሚያሳይ መለኪያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። እኛ የምንኖርበት ሳቫና ሰፈር ውስጥ መጋረጃ የሚሰቅል ሐበሻ ሳይቀር «ሰብለን ጥሯት፣ እሷ ልክ ታውቃለች» ይላል። እኔም አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። እንዲያውም በጣም ከማወቄ የተነሳ መለካት ትቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ትሪ ሃያ አራት ብረት ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሃያ አራቱንም ለካሁ። ሁሌም ልክ ሆነው ሳያቸው አሥሩን ብቻ መለካት ጀመርኩ። ከዚያ አምስቱን። በመጨረሻ ሦስቱን ለክቼ የቀረውን ከራሴ መጻፍ ሆነ። ዝም ብዬም አልጽፍም፤ ባለሙያ ነኛ! የመጨረሻዋን ቁጥር ትንሽ ከፍ ዝቅ አደርጋታለሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ያስጠረጥራል። በዚህ ዘዴ ያተረፍኩትን ጊዜ ሻይ ጠጣሁበት። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጭራሽ በዓመቱ መጨረሻ ለጥንቃቄዬ የምስጋና ሰርተፊኬት ሰጡኝ። አጨበጨቡልኝ። እኔም እጅ ነሳሁ።

ግርማን ወደዚህ ተኩስ ያስገቡት ጋሼ ተስፋይ ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በአማርኛ ተምረው፣ እዚህ ኦግደን ባቡር ጥገና ውስጥ ቶርኖ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ከእኛ ይጠራል። እኔና ግርማ ስናወራ መሀል ገብተው «ይህ ቃል በአማርኛ ጠፍቶ ነው?» ይሉናል፤ እናፍራለን፣ ከዚያ እንቀጥላለን።

ጠመንጃውን ያገኙለትም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ካናዳዊ በልዩ ትእዛዝ ያሠሩት ነው። ልዩነቱ፣ ጥይቱ የሚጎረስበት ጉድጓድ አንገቱ ጋ ሆን ተብሎ ጠቧል። ስለዚህ ከሱቅ የመጣ ቀለህ እንዳለ አይገባበትም። ባሩዱንም እርሳሱንም ግርማ ራሱ ነው የሚሞላው፤ ከመሙላቱ በፊት ግን የእያንዳንዱን ቀለህ አንገት፣ ማለትም እርሳሱን የሚይዘውን ጠባብ ጫፍ፣ ዙሪያውን በእጅ በሚያዝ ትንሽ መላጫ ልጦ ማቅጠን አለበት። እርሳሱ ከገባበት በኋላ የአንገቱ ውፍረት ከሁለት መቶ ስልሳ ሺኛ ኢንች መብለጥ የለበትም። ጉድጓዱ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ነው። በመካከል የቀረችው ቦታ ከአንድ ጸጉር ታንሳለች።

«የሚገባበት ጠመንጃ አይሻልህም ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሰፊ ከሆነ ጥይቱ ውስጡ ይወላገዳል። ይሄ ግን ልክክ ብሎ ነው የሚገባው» አለኝ። ስለ ሙሽራ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ወር ሙሉ ቤዝመንት፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቁጭ ብሎ አንገት ሲልጥ ከረመ። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ መጥቶ አንገት ይልጣል። የናስ ቅርፊት ከፎጣዬ ላይ፣ ከካልሲዬ ውስጥ ለቀምኩ። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ጸጉሬ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አይተው «አዲስ ስታይል ነው?» አሉኝ። የባሌ ፍቅር ነው አልኳቸው።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ድራማዬን እያየሁ፣ ግርማ በፕላስቲክ ሳጥን ሃያ ጥይት ይዞ መጣ። በማርከር ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። አብሮ ሃያ ባዶ መስመር ያሰመረበት ወረቀት አለ።

«ሰቢዬ፣ እነዚህን ሜዠር አድርጊልኝ። ሃያውንም።»

«አንተ እጅ የለህም?»

«የኔ እጅ አንዴ ያጠብቃል፣ አንዴ ያላላል። ደግሞ እየላጥኩ መሀል ላይ የመላጫው ስክሩ ላልቶ አገኘሁትና አጠበቅኩት። ከስንተኛው ጀምሮ እንደላላ አላውቅም። ከሁለት መቶ ስልሳ የሚበልጥ ካለ ለይተሽ አውጪልኝ።»

«ቢበልጥ ምን ይሆናል?»

«ሲተኮስ አንገቱ ሰፋ ብሎ ነው እርሳሱን የሚለቀው። የሚሰፋበት ቦታ ካጣ አጥብቆ ይይዘዋል። ግፊቱ ከልክ ያልፍና ጋዙ ወደ ኋላ ይመጣል።»

«ወደ ኋላ ምን አለ?»

«እኔ» አለና፣ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ እንደሚያሳርፍ ዘንበል አድርጎ አሳየኝ።

እሺ አልኩ። ማይክሮሜትሬን አወጣሁ። አንዱን ለካሁ፤ ልክ ነው። ሁለትን፣ ሦስትን፣ አራትን ለካሁ፤ ልክ ናቸው። በዚህ መሀል ድራማው ውስጥ ያለችው ሴትዮ የባሏን ስልክ አነሳች። አሁን እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ የምታዩት ስልኩን ነው ጥይቱን? ከአምስት እስከ ሃያ ያለውን ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል ሞላሁት። ለቁጥር ሰባት «ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል» ብዬ ጻፍኩለት። ተኩሏን የጨመርኳት ለውበት ነው።

ግርማ ወረቀቱን አየና ግንባሬን ሳመኝ። «ሁሉም ልክ ነው? እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስጋቴ ለቀቀኝ» አለ። ሳጥኑን እንደ እንቁላል ይዞ ወደ ታች ወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት ልደቱ ነበር። «ስጦታ አልፈልግም፤ አንድ ቀን ብቻ አብረሽኝ ነይና እዪኝ» አለኝ። ከዚያ በፊት ረግጬው የማላውቅ ቦታ ነው። ከተራራው የሚመጣው ሞቃት ነፋስ በረዶውን በአንድ ቀን አቅልጦት ነበርና፣ በአዲስ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ እየተነከርኩ ገባሁ። ቦታው ረጅም ጣሪያ ያለው፣ ከሥሩ ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት ነው። ቀይ ሰደርያ የለበሰ አንድ ተቆጣጣሪ የመከላከያ መነጽርና ትልቅ የጆሮ መሸፈኛ ሰጠኝ። ከዚያ ሕጉን ነገረኝ፤ አደጋ ያየ ማንም ሰው «ሲዝ ፋየር» ብሎ ቢጮህ፣ ተኳሽ በሙሉ ያቆማል። «ማንም» ሲል በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ፈገግ አልኩለት። ምን አግኝቶኝ ነው የምጮኸው?

ጋሼ ተስፋይ ከግርማ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ግርማ ወረቀትሽን አሳይቶኛል። እጅሽ ይባረክ፤ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ከባቡር ጥገና ወዲህ አላየሁም» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ምንም አልነበረም።

ግርማ ተቀመጠ። ጥይት ቁጥር አንድን አጎረሰ፣ መቀርቀሪያውን በሁለት ጣት ዘጋው፣ ተኮሰ። ሁለት። ሦስት። አራት። ከኋላው ተቀምጬ በአጉሊ መነጽሩ አየሁለት፤ አራቱ አንድ ቀዳዳ ናቸው። አውራ ጣቴን አሳየሁት። እንደ ልጅ ሳቀ።

አምስትን ሲያነሳ አውራ ጣቴን አወረድኩ። አምስትን አልለካሁትም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ እመኑኝ፣ አንዴም ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አምስት ተተኮሰ፤ ምንም አልሆነም። ስድስት ተተኮሰ፤ ምንም። አየሽ፣ ሁሌም ልክ ናቸው አልኩ ለራሴ።

ሰባትን አጎረሰ። መቀርቀሪያው አልዘጋም አለው።

በሁለት ጣት ሞከረ፣ እምቢ አለ። ቆም ብሎ መቀርቀሪያውን መለሰና ጥይቱን አወጣው። የጆሮ መሸፈኛውን ወደ አንገቱ አወረደ። «ጋሼ፣ ይሄኛው ጠበቀብኝ። እስኪ ይዩት።»

ጋሼ ተስፋይ ቀረቡ። «ስንተኛው ነው?»

«ሰባተኛው።»

ወረቀቴን ከሳጥኑ ክዳን ላይ አነሱ፤ በጣታቸው እስከ ሰባት ወረዱ። «ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል። ይህማ ከሁሉም የተሻለው ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ለክተሽዋል አይደል?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አፌ አይደለም የዋሸው፤ አንገቴ ነው።

«እሷ ከለካችው የጥይቱ ጥፋት አይደለም፤ ጉድጓዱ ቆሽሾ ይሆናል» አለ ግርማ። ጋሼም «እንዲያ ከሆነ እንጥረገው» አሉ። ሁለቱ ሰዎች ጎንበስ ብለው መጥረግ ጀመሩ። ዘንግ አስገቡ፣ ጨርቅ አስገቡ፣ በባትሪ አዩ፣ እንደገና ጨርቅ አስገቡ። ጠመንጃው ንጹሕ ነው፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እነሱ ግን ማመን አልቻሉም፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የሰውዬው እጅ «ጠብቋል» እያለው፣ የእኔ ተኩል «ልክ ነው» ትለዋለች። እሱ ያመነው ተኩሏን ነው።

አሥር ደቂቃ ያህል ወሰደባቸው። እኔ ከኋላቸው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ምን አስብ ነበር መሰላችሁ? ስለ ግርማ ጉንጭ? አይደለም። ጋሼ ተስፋይ ምን ይሉኛል ብዬ ነበር የማስበው። ማታ ለሚስታቸው፣ ነገ እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ከዚያ ለሳቫና በሙሉ። ደግሞም ቆሻሻ ሊሆን ይችላል እኮ አልኩ። ደግሞም ስድስቱ ደህና አልነበሩም? ደግሞም ካልገባ አይገባም፤ ራሱ ይተወዋል። ለዝምታዬ አንድ ሦስት ጥሩ ጥሩ ምክንያት አገኘሁ። ሰርተፊኬት የሚያሰጡ ናቸው።

«አሁን ይሞከር» አሉ ጋሼ። ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ሁሉም የጆሮ መሸፈኛውን አጠለቀ።

ግርማ ያንኑ ቁጥር ሰባት አጎረሰው። መቀርቀሪያውን ገፋ፤ አልሄደም። ያኔ እጁን ከፍቶ በመዳፉ ተጫነው። ትከሻው ሲወጠር ከኋላ አየሁ። መቀርቀሪያው እያንገራገረ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ተዘጋ።

«ግርማ» አልኩ። «ግርማ፣ አልለካሁትም።»

ተናገርኩ! ዓለም በሙሉ የሰማኝ መስሎኝ ነበር። ግን ማን ይስማ? ሁሉም ጆሮው ተደፍኗል። የራሴን ድምፅ ራሴም እንደ ሩቅ ሰው ነው የሰማሁት። ግርማ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ አሳረፈ። በትክክል ሐሙስ ዕለት ሶፋው አጠገብ ያሳየኝ ዓይነት ነው፤ ዘንበል አለ። ጣቱ ወደ ቃታው ሄደ።

«ሲዝ ፋየር!»

ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ወንበሩን ገልብጬ ተነስቻለሁ። መስመሩ በሙሉ ጸጥ አለ። ቀይ መብራት በራ። አሥራ ሁለት የሚያህሉ ሰዎች እጃቸውን ከጠመንጃቸው ላይ አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። ግርማም እጁን አንስቶ፣ ደንግጦ ዞሮ አየኝ።

ባለ ቀይ ሰደርያው እየሮጠ መጣ። «ምን አየሽ?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ሰው ወደ ኢላማው የሄደ መስሎት ዓይኑ ሜዳውን ይፈልጋል።

«ምንም አላየሁም። አልለካሁም» አልኩት።

«ምን?»

«ጥይቶቹን። ለካሁ አልኩ እንጂ አልለካሁም።»

ሰውዬው አልገባውም። አጠገቡ ያለው ተኳሽ ግን ገባው፤ ለሚቀጥለው ነገረው፣ እሱም ለሚቀጥለው። ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። ለካስ ሳቫና ድረስ መፍራት አያስፈልገኝም ነበር፤ እዚያው በቂ ሕዝብ ነበረ።

ግርማ አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳደረገ፣ ጋሼ ተስፋይ እያዘዙት መቀርቀሪያውን በሁለት እጁ ታግሎ ከፈተውና ጥይቱን አወጣው። አንገቱ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ወጥቶበታል፤ ጉድጓዱ ያሸው ነው። ጋሼ ከመሣሪያ ሳጥናቸው የራሳቸውን ማይክሮሜትር አወጡ። ለኩ። መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው ለኩ። ከዚያ ወረቀቴን አነሱና፣ ዳኛ እንደሚያነብ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ አነበቡ።

«ቁጥር ሰባት። ወረቀቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል ይላል። ጥይቱ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ይላል።»

አስቀመጡት። «ቁጥር ስምንት። ወረቀቱ ሁለት መቶ ስልሳ። ጥይቱ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ተኩል።»

እንዲህ እያሉ እስከ ሃያ ሄዱ። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ፣ አምስቱ ወፍራም ናቸው። መላጫው የላላው እዚያ ላይ ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ ግርማ መልሶ ስላጠበቀው የቀሩት ልክ ነበሩ። ጋሼ አምስቱን ለብቻ አደረጓቸው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ብሰደብ እወድ ነበር።

«ይህቺ ተኩል ከየት መጣች፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ከራሴ ጋሼ።»

ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

መንገድ ላይ ግርማ ራሱ ነዳ። ከተማ ገብተን የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ስንቆም፣ «ስንቱን ነው የለካሽው?» አለኝ።

«አራቱን።»

«እሺ።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። «መቼ ነው ትዝ ያለሽ?»

«በመዳፍህ ስትገፋው።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቤት ስንደርስ መኪናዋን ፓርክ አደረገና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ሥራ ቦታም እንደዚሁ ነው የምታደርጊው?» አለ። ቀበቶዬን ፈትቼ ወረድኩ። የልደት ኬኩን ቆረጥን። በላን። ፍሪጁ ላይ አዲስ ወረቀት አልተለጠፈም።

ሰኞ ሺፍቴ ሳይጀመር ሱፐርቫይዘሬ ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ እኔ የምቀልድ ሰው ነኝ። ከዚያ መሳቁን አቆመ። መጋዘን ውስጥ ያለውን እኔ የፈረምኩበትን ሳጥን በሙሉ አስወጡት፤ ተጭኖ የሄደውንም አስመለሱት። ሦስት ሰዎች አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብለው የእኔን ሥራ እንደገና ሠሩ። አራት መጋጠሚያ ከልክ ውጭ ተገኘ። አራት ብቻ! ጋዝ በሚያልፍበት ቧንቧ ላይ የሚገጠሙ አራት። ከእነሱ አጠገብ ቆሞ የሚሠራው ሰውዬ ስሙን አላውቀውም፤ ሚስቱ ግን ኢንስፔክተሮች ጎበዞች ናቸው ብላ እንደምታስብ እገምታለሁ።

አላባረሩኝም፤ ራሴ መጥቼ በመናገሬ ነው አሉ። ለሁለት ሳምንት ከሥራ አገዱኝና ማይክሮሜትሬን ወሰዱ። ስመለስ የብረት ጠርዝ በፋይል የሚሞረድበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። አሥራ አንድ ዓመት ወደ ላይ የወጣሁትን መሰላል በአንድ ጠዋት ወረድኩት። አብረውኝ ሻይ ይጠጡ ከነበሩት አንዷ «አንቺ ሞኝ ነሽ? ማን አየሽና ትናገሪያለሽ?» አለችኝ። በዓመቱ ወደ ልኬት መለሱኝ። አሁን ሃያ አራቱን እለካለሁ። ይሰለቻል። በጣም ይሰለቻል። ይሄ ጽሑፍ መለካት ደስታ እንደሆነ ይነግረናል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ይቅርታ።

እናንተስ? «አንብቤያለሁ፣ ተስማምቻለሁ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ስታደርጉ፣ ያላያችሁትን «አይቼዋለሁ» ብላችሁ ስትፈርሙ፣ ልቤ ይረዳችኋል። ጊዜ የለም፣ ሁሌም ልክ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጻፍ ቀላል ነበር፤ ባዶውን መስመር መሙላት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። የከበደኝ አሥሩ ደቂቃ ነው። አንድ ሰው የእኔን ቃል አምኖ፣ ንጹሕ ጠመንጃ ደጋግሞ ሲጠርግ፣ ከኋላው ተቀምጬ ያየሁበት አሥር ደቂቃ።

ያንን ለግርማ ነግሬው አላውቅም። «በመዳፍህ ስትገፋው ነው ትዝ ያለኝ» ያልኩትን እስከ ዛሬ እንዳመነኝ ነው። በቀደም ጠመንጃውን እየወለወለ ለጋሼ ተስፋይ ሲነግራቸው ሰማሁት፤ «ትዝ እንዳላት ወዲያው ጮኸች፤ አንዲት ሰከንድ አልቆየችም» ይላቸዋል፣ በኩራት።

ስለዚህ ይሄንን ጽሑፍ ለእናንተ ከመላኬ በፊት አትሜ ሰጠሁት። አሁን ሳሎን ተቀምጦ እያነበበ ነው፤ እኔ ኪችን ነኝ። ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው መሰለኝ። ሲስቅ ይሰማኛል።